መድኃኒት ቤቱ ለምን ታሸገ? ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ደሴ ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ጤና ተቆጣጣሪዎች አሠራር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ደጋግመው የመጡትን ይኸው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት በሩ ላይ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሰነበተ። አሁን ተከፍቷል። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትገዛው እዚያ ነው። ምን እንደተገኘበት ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እታለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል፤ የፌዴራልም ይሁን የክልል። በቃል ከሄድሽ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ያሸገውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቂ። ምን ጥፋት ተገኘ? ምን እርምጃ ተወሰደ? ምን ተስተካክሎ ተከፈተ? ይኸው ይበቃል። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ያዢ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ባንቺ ኮፒ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። ያለዚያ ነገ «አልደረሰንም» ቢሉሽ መከራከሪያ የለሽም።

መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊደርስሽ ይገባል። ከከለከሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡሽ። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ትያለሽ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት አለ። የሰው የሕክምና መረጃና የንግድ ምስጢር አይሰጡሽም፤ ልክም ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ግን የማንም ምስጢር አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ሳትጠይቂም ሊነገርሽ ይገባ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ምክንያት መጻፍ ምን ይከብዳል? ምክንያቱ ሲደበቅ ያጠፋው ስሙ ሳይነሳ ያመልጣል። ፈቃዱን ሳያሳድስ ስለቆየ ብቻ የታሸገው ደግሞ «የሐሰት መድኃኒት ሲሸጥ ተያዘ» ተብሎ ይወራበታል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ሁለቱም ያሳዝናል።

ለእናትሽ ደግሞ አሁኑኑ ካርቶኑን ተመልከቺ። ካርቶኑ ላይ ያለው የባች ቁጥር (የምርት ዙሩ መለያ) እና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን እንክብሉ የታሸገበት ፕላስቲክ ወይም ፎይል ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ አትጣይው፤ እንደያዝሽው ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ደውይ። እሷም መድኃኒቱን በራሷ እንዳታቋርጥ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያናግሯት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ለመሆኑ የሚቆጣጠረው ማነው? አንዱ ወደ አንዱ ይልከኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ መድኃኒት መመዝገብና ከውጭ የሚገባውን መቆጣጠር የፌዴራሉ ባለሥልጣን ሥራ ነው። እዚህ ያሉትን ክሊኒኮችና ችርቻሮ መድኃኒት ቤቶች ግን የክልሉና የከተማው ጤና መዋቅር ነው የሚፈትሸው። «የኛ አይደለም» ካሉዎት የማን እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፉልኝ ይበሉ።

ጥያቄ (ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ)፦ ሊፈትሽ የመጣ ሰው ፎርሙን ሳይሞላ «የሻይ» ነገር አነሳብን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አትስጡ። መታወቂያውን ጠይቁት፤ ያየውን ጉድለት ፎርሙ ላይ ጽፎ ይፈርም፣ ኮፒውም እናንተ ጋ ይቅር። የተጻፈ ጉድለት ይስተካከላል። ያልተጻፈው ግን በየወሩ እየተነሳ ኪሳችሁን ያራቁታል፣ ታካሚውም ከዚያው ጉድለት ጋር ይኖራል። ስሙንና የመጣበትን ሰዓት መዝግባችሁ ለክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ጠቁሙ።

ጥያቄ፦ «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ተብለን ተቀጣን። መመሪያውን ግን ያሳየን የለም።

መልስ፦ ወንድማለም፣ መመሪያው የፌዴራል ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለልህ። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ፣ ጸድቆ መመዝገብና በድረ ገጽ መውጣት አለበት። ያልተመዘገበና ያልታተመ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። የክልል ከሆነ ይህ አዋጅ አይመለከተውም፤ ያን ጊዜ በ590/2000 የመመሪያውን ቁጥርና ኮፒ ጠይቅ። ቅጣቱን የጻፉበት ደብዳቤ ላይ የመመሪያው ቁጥር ከሌለ፣ አቤቱታህን ከዚያው ጀምር።