«መቶ ሲደመር ስድስት ሲባዛ በሦስት» ሲባል ሰሚው ምን ይያዝ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የምኖረው ለንደን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማኅበረሰባችን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ቻናል 4 ላይ የሚታየውን «ካውንትዳውን» የተባለ የቃላትና የቁጥር ውድድር ይወዱታል፤ በቁጥሩ ክፍል ስድስት የቁጥር ካርዶች ተመርጠው፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ወደሚፈለገው ቁጥር መድረስ ነው። ግጥሚያውን በአማርኛ እንዲተርኩ ላለማምዳቸው ፈልጌ ይህን ናሙና ጻፍኩ፦ «ዛሬ ሁለት ጀማሪ ተፎካካሪዎች ተገናኝተዋል። ቁጥሮቹ 100፣ 75፣ 50፣ 25፣ 6 እና 3 ናቸው፤ የሚፈለገው 952 ነው። አንደኛው መቶ ሲደመር ስድስት ሲባዛ በሦስት ሲባዛ በሰባ አምስት ሲቀነስ ሃምሳ ሲካፈል በሃያ አምስት ብሎ አገኘው። ተፎካካሪዋ 953 ብላ አንድ ራቀች። ውጤቱ 10 ነጥብ ለ0 ሆነ።» ባልደረባዬ «ሲካፈል ለ» እንጂ «ሲካፈል በ» አይባልም ትለኛለች። እውነቷን ነው? ሌላስ የሚታረም አለው?

መልስ፦ «ለ» እንደሚሻል ባልደረባዎ እውነታቸውን ነው፤ ግን የናሙናው ትልቁ ችግር «በ» አይደለም። ስሌቱን የተናገሩበት ቅደም ተከተል ነው። የጻፉትን በሒሳብ ሕግ እናንብበው፦ ማባዛትና ማካፈል ከመደመርና ከመቀነስ ይቀድማሉ። ስለዚህ 6 በ3፣ ከዚያም በ75 ሲባዛ 1,350 ይሆናል፤ 50 ለ25 ሲካፈል 2 ነው፤ መቶ ላይ 1,350 ተደምሮ 2 ሲቀነስ 1,448 ይመጣል። 952 የት ሄደ? በወረቀት ላይ ቅንፍ ያድነዋል። በአፍ ሲነገር ግን ቅንፍ የለም።

«መቶ ሲደመር ስድስት» የሚለው አነጋገር ምልክቶቹን በተጻፉበት ተራ ከማንበብ የመጣ ነው። ሰሌዳው ላይ 100 + 6 ተጽፎ ተማሪው በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ይሠራል፤ ዓይን ስለሚያግዘው። አማርኛ ግን ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፍ ቋንቋ ነው። ግሡን መሐል ካስገባነው የሚሠራበት ነገር ከበስተኋላው ይቀርና፣ ሰሚው «ሲባዛ» የሚለው ስድስትን ይሁን መቶ ስድስትን ለማወቅ አይችልም። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ተወዳዳሪው 30 ሰኮንድ አስቦ ያገኘውን በቃሉ ነው የሚያስረዳው፤ ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ሬቸል ራይሊ ናት። ጸሐፊዋን የሚያሳስት አነጋገር ነጥብ ያስጥላል።

መፍትሔው ቋንቋችን ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ ቦዝ አንቀጽ ነው። «በልቶ ጠጥቶ ሄደ» ስንል መብላቱ ማለቁን፣ ከዚያ መጠጣቱን፣ ከዚያ መሄዱን ማንም አይስተውም። «ተደምሮ»ም እንደዚሁ ነው፦ መደመሩ ተፈጽሞ ተዘግቷል፣ የሚቀጥለው ሥራ የሚሠራው በውጤቱ ላይ ነው ማለት ነው። ቅንፍ የሚሠራውን ሥራ በትክክል ይሠራል። እንዲህ ያስለምዷቸው፦

«መቶ ላይ ስድስት ተደምሮ፣ ድምሩ በሦስት ተባዝቶ፣ ያም በሰባ አምስት ተባዝቶ፣ ከዚያ ላይ ሃምሳ ተቀንሶ፣ የቀረው ለሃያ አምስት ሲካፈል ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ይሆናል።»

«ሲ» አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ መምጣቱን ልብ ይበሉ፤ «አሁን ወደ መልሱ ደረስን» የሚል ምልክት ነው። በየመሐሉ የደረሱበትን ቁጥር ቢጠሩ ደግሞ የበለጠ ይጠራል፦ መቶ ስድስት፣ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ፣ ሃያ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ፣ ከዚያ 952። ማካፈሉ ለምን መጨረሻ ላይ እንደቆየም ለልጆቹ ያስረዷቸው፤ ስሌቱ የሚያምረው እዚያ ላይ ነው። 106 በ9 ሲባዛ 954 ነው፣ 2 ሲቀነስ 952። ዘጠኙ የሚገኘው 75 በ3 ተባዝቶ ለ25 ሲካፈል ነው፤ ሁለቱ የሚገኘው ደግሞ 50 ለ25 ሲካፈል ነው። ነገር ግን 25 አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ካርድ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሠራም። ስለዚህ ሁሉንም አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ማካፈል ግድ ሆነ።

የቦዙ ሰንሰለት የሚያስቸግረው ስሌቱ ሁለት ቅርንጫፍ ሲኖረው ነው። ከ75፣ 50፣ 9፣ 7፣ 4 እና 2 የሚፈለገው 476 ቢሆን፣ አንዱ መንገድ ከ75 ላይ 7 ቀንሶ 68፣ ከ9 ላይ 2 ቀንሶ 7 ማግኘትና ሁለቱን ማባዛት ነው። (ሁሉንም ካርድ መጠቀም ግዴታ ስላልሆነ 50 እና 4 ይቀራሉ።) ይህን በአንድ ትንፋሽ ለመናገር መሞከር ስሕተት ነው። ዐረፍተ ነገሩን ይዝጉት፦ «ከሰባ አምስት ላይ ሰባት ሲቀነስ ስልሳ ስምንት። ይህ ይቆይ። ከዘጠኝ ላይ ሁለት ሲቀነስ ሰባት። ስልሳ ስምንት በሰባት ሲባዛ አራት መቶ ሰባ ስድስት።» «ይህ ይቆይ» የሚለው አጭር ሐረግ ብዙ ግርታ ያስቀራል።

አሁን ወደ «ለ» እና «በ» እንመለስ። «በሃያ አምስት ሲካፈል» የሚል ሰው አይጠፋም፣ የሚሰማውም ይረዳዋል። እኔ «ለ»ን የምመርጥበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የቃሉ ጠባይ ነው፦ መካፈል ድርሻ መውሰድ ነው፣ ድርሻም ለሰው ይሰጣል። እንጀራውን «ለሁለት ከፈለው» እንላለን። በትምህርት ቤት የማካፈልን ውጤት «ድርሻ» የምንለውም ከዚሁ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው የጆሮ ጉዳይ ነው፣ ለዚህ ጨዋታ ደግሞ ከፊተኛው ይበልጣል። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው ምን ሊደረግ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቀው በትንሿ መስተዋድድ ነው። «በሃያ አምስት…» ሲሰማ መባዛትን፣ «ለሃያ አምስት…» ሲሰማ መካፈልን ይጠብቃል። ሁለቱን በ«በ» ካደረግናቸው ይህን ቅድመ ማስታወቂያ እናጣለን።

«ከ» ብቻዋን ስትሆን ደግሞ አደገኛ ናት። «ከመቶ ስድስት ሲቀነስ» ብንል አንዱ ሰሚ 94 ይጽፋል፤ ሌላው «ከ106 ላይ ስንት?» ብሎ ይጠብቃል። ተገልብጦ «ስድስት ከመቶ ሲቀነስ» ቢባልም «ስድስት ከመቶ» ከመቶኛ ስሌት ጋር ይጋጫል። ሁሉንም የምታስታርቀው «ላይ» ናት፦ «ከመቶ ላይ ስድስት ሲቀነስ»። ሲደመር «መቶ ላይ»፣ ሲቀነስ «ከመቶ ላይ»። ልዩነቱ አንዲት «ከ» ስለሆነች ልጆቹ እንዳይውጧት ያሳስቧቸው።

በአጠራርም ሁለት ነገር እመክራለሁ። 60ን «ስልሳ»ም «ስድሳ»ም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ጨዋታ ግን «ስድሳ» ከ«ስድስት» ጋር ስለሚቀራረብ «ስልሳ» ይሻላል። 50ንም «አምሳ» ከማለት «ሃምሳ» ማለት ከ«አምስት» በደንብ ይለየዋል። «ሰባ» እና «ሰባት» ግን አማራጭ የላቸውም፤ የ«ሰባት»ን «ት» አጥርቶ መጥራት ብቻ ነው ያለው።

«አንድ ራቀች» የእንግሊዝኛው ጥላ ነው። በእንግሊዝኛ የርቀቱን መጠን ብቻ መናገር ይበቃል፤ አማርኛ ግን ወዴት በኩል እንደሆነ ይጠይቃል። 952 ተፈልጎ 953 ከመጣ «በአንድ በለጠባት» ነው፤ 951 ቢሆን «አንድ ጎደላት» ነበር። አቅጣጫውን መግለጽ ካልፈለጉ «በአንድ ይለያል» ማለት ይችላሉ። (953 የሚገኘው እንዲህ ነው፦ መቶ ላይ 50 ተደምሮ፣ በ6 ተባዝቶ 900፤ 75 ተጨምሮ፣ 25 ተቀንሶ 950፤ 3 ሲጨመር 953።) በደንቡ መሠረት እስከ 5 የሚለይ መልስ 7 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 10 የሚለይ 5 ነጥብ፣ ልክ የሆነ 10 ነጥብ ያሰጣል፤ ግን ነጥብ የሚያገኘው ይበልጥ የቀረበው ብቻ ነው። እኩል ከቀረቡ ሁለቱም ያገኛሉ። ስለዚህ የእርስዎ ተወዳዳሪ 953 ብላ ባዶ መቅረቷ ትክክል ነው።

«10 ነጥብ ለ0» ግን ይቅር። በእግር ኳስ «ሁለት ለአንድ» ማለት ሁላችንም የለመድነው ነው፣ እዚያ ምንም አይነካካውም። ቁጥር በሚካፈልበት ዝግጅት ውስጥ ግን «አሥር ለአምስት» ውጤትም ማካፈልም ይመስላል። «ሰባት ነጥብ አምስት» ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰባት ተኩል ሆኖ ይሰማል። «ነጥብ»ን ከሁለተኛው ቁጥር በፊት አታምጡ፦ «እሱ አሥር ነጥብ አገኘ፣ እሷ አላገኘችም» ወይም «በአሥር ነጥብ መራ» ይበቃል።

ስለ ተወዳዳሪዎቹ መጠሪያ። በዚህ ውድድር ያሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ዝግጅት ተመልሶ ይቀርባል፤ ስምንት ጊዜ ካሸነፈ ግን በክብር ይሰናበታል፣ ወንበሩም ባዶ ይሆናል። ያኔ ነው ሁለት አዳዲስ ሰዎች የሚገጥሙት። እነዚህን «ጀማሪ» ማለት ያሳንሳቸዋል፤ ጀማሪ ሥራውን ገና የሚለምድ ነው፣ እነርሱ ግን ለዓመታት ቤታቸው ሲለማመዱ የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። «እንግዳ» ማለትም አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የተወዳዳሪዎቹን ቃላት በመዝገበ ቃላት ከምታጣራው ከሱዚ ዴንት አጠገብ የሚጋበዝ እውነተኛ እንግዳ አለ፣ ቃሉን ለእርሱ እንተውለት። «አዳዲስ ተወዳዳሪዎች» ይበቃል። «ሁለት አዲስ ተወዳዳሪ» ቢሉም አይሳሳቱም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙ ነጠላ ሆኖ መቅረት ይችላል። ለጽሑፍ ግን «ሁለት አዳዲስ ተወዳዳሪዎች ቀረቡ» ይሻላል። ካርድ ሲመርጡም እንዲሁ ነው፦ «አራት ትላልቅ፣ ሁለት ትናንሽ»። ትላልቆቹ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ብቻ ናቸው፤ ትናንሾቹ ከ1 እስከ 10 ያሉት፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ። ተወዳዳሪዎቹ በእንግሊዝኛ ሬቸልን በስሟ ጠርተው ካርድ ሲለምኗት ልጆቹ «እባክሽ» ብለው እንዳይተረጉሙት፤ ልጅ ለአዋቂ «እባክዎ» ነው የሚለው።

«ተፎካካሪ» ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ሰውየው ከዝግጅቱ አንጻር ሲታይ «ተወዳዳሪ»፣ ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው አንጻር ሲታይ «ተጋጣሚ» ቢባል ይጠራል። «ተፎካካሪዋ» ላይ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ይህች «ዋ» «ያችው ሴት ተፎካካሪ» ልትልም፣ «የእርሷ ተፎካካሪ» ልትልም ትችላለች። «ብላ» የሚለው ግሥ ባይኖር ኖሮ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። በተቀመጡበት ቦታ ቢጠሯቸው ይቀላል።

ናሙናዎ እንግዲህ እንዲህ ቢስተካከል ልጆቹ ሊያነቡትም ሊሰሙትም ይመቻል፦

«ዛሬ የተገናኙት ሁለት አዳዲስ ተወዳዳሪዎች ናቸው። የተመረጡት ካርዶች አራት ትላልቅና ሁለት ትናንሽ፣ ማለትም 100፣ 75፣ 50፣ 25፣ 6 እና 3 ናቸው፤ የሚፈለገው ቁጥር 952 ነው። በግራ የተቀመጠው ተወዳዳሪ መቶ ላይ ስድስት ደምሮ፣ ድምሩን በሦስት አባዝቶ፣ ያንንም በሰባ አምስት አባዝቶ፣ ከዚያ ላይ ሃምሳ ቀንሶ፣ የቀረውን ለሃያ አምስት ሲያካፍል 952 አገኘ። በቀኝ የተቀመጠችው 953 ደርሳ በአንድ በለጠባት። አሥሩን ነጥብ የወሰደው እሱ ነው።»