መልስ፦ ሌሊት የሚነሣው ስክሪፕት የጋራ ፎልደሩን ለምን ያጣዋል?

ጤና ይስጥልኝ። የመጠባበቂያ ቅጂ ስክሪፕትዎ (ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽመው ፋይል) እርስዎ ዊንዶውስ ሰርቨሩ ላይ ገብተው ሲያስኬዱት የጋራ ፎልደሩን የሚወክለውን ዜድ የተባለ ድራይቭ እያገኘ፣ ሌሊት በታስክ ስኬጁለር (ሥራዎችን ማለትም ታስኮችን በቀጠሮ ሰዓታቸው በሚያስነሣው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ሲነሣ ግን መንገዱ አልተገኘም የሚልዎት፣ የኔትወርክ ድራይቭ ፊደል የሚታወቀው በተከፈተበት የተጠቃሚ ሴሽን (ተጠቃሚው ከገባ እስኪወጣ ባለው ቆይታ) ውስጥ ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ትተው የሰርቨሩንና የፎልደሩን ስም የያዘውን ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ ይጻፉ። ታስኩ የሚሠራበት አካውንት በሼሩም (ፎልደሩ በኔትወርክ በተጋራበት ቅንብር) ሆነ በፋይል ሲስተሙ (በዲስኩ ላይ ባሉት ፋይሎች) ላይ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የይለፍ ቃል እንዳይቀመጥ የሚያዘው ሣጥን ምልክት ከተደረገበት ደግሞ ታስኩ የሚደርሰው በራሱ ማሽን ላይ ወዳሉ ፋይሎች ብቻ ነው (እኔን ሁለት ቀን ያደከመኝ ይኸው ነበር)። ከዚህ በኋላም አልፎ አልፎ ከተቋረጠ፣ ስክሪፕቱ ቅጂውን ከመጀመሩ በፊት ፎልደሩ መኖሩን በፓወርሼል (በዊንዶውስ የትእዛዝ መስጫ) ይፈትሽ፤ ካጣውም 30 ሰከንድ ቆይቶ እንደገና ይሞክር፣ ስህተቱንም ከነሰዓቱ በሎግ ፋይል ይመዝግብ።