ኮሸር ለምትጠብቅ ባልደረባ ምን ይዞ መሄድ ይሻላል?

እህቴ፣ አይሁዳዊት የሥራ ባልደረባሽ ዓርብ ማታ ለእራት ጠርታሽ «ድፎ ዳቦ ጋግሬ ልሂድ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ድፎውን ተዪው። ዱቄቱ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ ምድጃሽና ዕቃሽ ነው። በኮሸር፣ ማለትም ሥጋና ወተት በማይቀላቀሉበት የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ በቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ የፈላበት ድስት ሥጋና ወተት አንድ ላይ ጠጥቷል፤ ቀጥሎ ለሚሠራበትም ያስተላልፋል። ስለዚህ ቤትሽ የቆላሽው ቡናና ያዘጋጀሽው በርበሬ ጭምር አይሆንላትም። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ በሚታረድበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንደ ንቀት አትይው። እኛ ዘንድ የተገዛ ነገር ይዞ መሄድ ስንፍና ይመስላል፤ እሷን የምታከብሪው ግን ባልተከፈተ የፋብሪካ እሽግ ነው። በሰሃን ወይም በመሶብ ገልብጠሽ እንዳትወስጂው።

እሽጉ ላይ ምልክት ፈልጊ፦ በክብ ውስጥ ያለ የእንግሊዝኛ «ዩ»፣ ወይም በኮከብ ውስጥ ያለ «ኬ» (የባልቲሞሩ ስታር-ኬ)። ብቻውን የቆመ «ኬ» ማንም ሊያትመው ስለሚችል አትተማመኚበት። ከምልክቱ ጎን «ዲ» ካለ የወተት ነው። «ፓርቬ» ከተባለ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ የእኛን የጾም ይመስላል፣ እንቁላልና ዓሣ ግን ፓርቬ ናቸው። «ፒ» ፓርቬ ማለት እንዳይመስልሽ፤ ለአይሁድ ፋሲካ የሚሆን ማለት ነው።

አንቺ ፓርቬውን ያዢ። የዓርብ እራት ብዙ ጊዜ ዶሮ ወይም ሥጋ አለበት፤ ከሥጋ በኋላ ወተት ለመቅመስ ብዙዎች 6 ሰዓታት ያህል ይቆያሉ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው በጥቁር ቸኮሌት ነው፦ ዝርዝሩ ላይ ወተት ባይኖርም በወተት ማሽን ላይ ስለተሠራ «ዲ» ሊኖረው ይችላል። ዝርዝሩን ሳይሆን ምልክቱን እመኚ። በሪባን የታሸገ የስጦታ ቅርጫት ከሆነም እያንዳንዱን እሽግ ለብቻው እዪ።

ወይን ጠጅ ከወሰድሽ የኮሸር ምልክት ያለው ይሁን፤ የወይን ጭማቂና የወይን ኮምጣጤም እንደዚያው። «ሜቩሻል» ማለትም የተፈላ መሆኑ ካልተጻፈበት ጠርሙሱን አንቺ ከፍተሽ አትቅጂ፤ ለእሷ ተዪላት።

ከእኛ ወገን የሚያምረው ቡና ነው። ጥሬው ምልክት አያስፈልገውም። እሷ መቁላት ካልቻለች ምልክት ያለው የታሸገ የተቆላ ቡና ግዢ፤ ቫኒላ ወይም ሌላ ጣዕም የተጨመረበትን ግን ያለ ምልክት አትንኪ። ሙሉ ፍራፍሬም ጥሩ ነው፦ ብርቱካን፣ ፖም፣ አናናስ። ሱቅ ውስጥ ተቆራርጦ የተደረደረውን ግን ተዪው፣ ቢላዋው አይታወቅምና። እንጆሪም ትንንሽ ነፍሳት ስለሚደበቁበት አጥቦ መመርመሩ ያስቸግራታል።

አንዳንዱ ሰው የሚቀበለው የተወሰኑ ምልክቶችን ብቻ ስለሆነ «የትኛውን ነው የምትቀበዪው?» ብለሽ ብትጠይቂያት ነውር የለውም፤ ደስ ይላታል። ሰንበታቸው የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ ይዞ መምጣት ያስቸግራል። ሐሙስ ሥራ ቦታ ብትሰጫት ይሻላል።