«ሲስተም የለም» ሲባል ለሚጠየቁ፦ የዴቭኦፕስን ሙያ ለመረጡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት ለመድኃኒት መግዣ የሚሆን ገንዘብ ሊያወጡ መጥተው፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ልጅ በትሕትና «እማማ፣ ሲስተም የለም» አላቸው። የቁጠባ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከግድግዳው አጠገብ ተቀመጡና፣ ተልኮ የዘገየ ልጅ እንደሚጠበቅ ሲስተሙን ይጠብቁ ጀመር። ከ25 ዓመት በላይ ሰርቨር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና ያቺን ቃል ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ፕሮግራም መጻፍንና ሰርቨር መጠበቅን አንድ ላይ ስለሚይዘው ስለ ዴቭኦፕስ ሙያ ለምትጠይቁኝ ሁሉ ለመጻፍ የወሰንኩት እዚያው ሰልፍ ላይ ነው፤ ይህ ሙያ፣ ስሙ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል፣ ሲስተም በጠፋ ጊዜ «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው ሙያ ነውና።

እኛ ሥራ ስንጀምር ፕሮግራም የሚጽፈው ክፍልና ሰርቨር የሚጠብቀው ክፍል በአንድ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው የማይነጋገሩ ነበሩ። እነሱ ጽፈው ይሰጡናል፤ እኛ ቅዳሜ ማታ፣ ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት፣ እየፈራን እንጭነዋለን፤ ሰኞ ጠዋት ሲበላሽ እነሱ በሰርቨሩ፣ እኛ በኮዱ እናመካኛለን። እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ፍሊከር የተባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ሁለት ባለሙያዎች በቀን ከ10 ጊዜ በላይ አዲስ ኮድ ወደ ሥራ እንደሚያስገቡ በአንድ ጉባኤ ላይ ሲያስረዱ፣ እኛ ይህንኑ በዓመት ሦስት ጊዜ ለማድረግ እንጨነቅ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ፓትሪክ ደቧ የተባለ ቤልጂየማዊ ባለሙያ በጌንት ከተማ ጉባኤ ጠርቶ፣ ዴቨሎፕመንት (ፕሮግራም መጻፍ) እና ኦፕሬሽን (ሰርቨር መጠበቅ) የሚሉትን ሁለት ቃላት ያጣመረው ዴቭኦፕስ የሚለው ስም ከዚያ ተስፋፋ። የሐሳቡ ፍሬ ለውጡን በትንሽ በትንሹ ማስገባት፣ ሙከራውንና ጭነቱን ለማሽን መተው፣ የተበላሸ እንደሆነም ሰው ሳይሰለፍ ወደ ነበረበት መመለስ መቻል ነው።

መመለስ ስል ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በ1998 ዓ.ም. እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት የዳታቤዙ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂው፣ በየሌሊቱ በቴፕ ይቀዳ ነበር፤ እኔም በየጠዋቱ መዝገቡ ላይ «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል አይቼ እፈርም ነበር። አንድ ማክሰኞ ዲስኩ ተበላሸና ቴፑን አምጥተን ስንከፍተው ባዶ ሆነብን። የማኅደሩ አድራሻ ከአራት ወር በፊት ተቀይሮ ኖሮ፣ ፕሮግራሙ በየሌሊቱ አንድም ፋይል የሌለበትን ቦታ በታማኝነት ሲቀዳ ከርሟል። የአራት ወሩን ሥራ ከወረቀት ላይ እየለቀምን መልሰን ለመመዝገብ 11 ቀን ፈጀብን፤ ስፈርም የኖርኩትም እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ባክአፕ አለን የሚለኝን ሰው የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ መልሳችሁ የከፈታችሁት መቼ ነው?

ስለ ትምህርቱ፣ አብዛኞቻችሁ ከላይ እንደምትጀምሩ እታዘባለሁ። ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር «ኮንቴይነር» በሚባል እሽግ የሚያስነሣው ዶከር በ2013፣ ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ግን ከ1991 ጀምሮ አለ፣ የኔትወርክ መሠረቱ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ኮንቴይነሩ አልነሣ ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታች ነው፤ የፋይል ፈቃድ፣ የሞላ ዲስክ፣ የተሳሳተ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉመው) ነው። ስለዚህ ሎግ (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ማንበብን፣ ባሽን (ሊኑክስ በጽሑፍ የሚታዘዝበትን)፣ ጊትን (የኮድ ለውጥ የሚመዘገብበትን) አስቀድሙ። የክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር፣ አካውንት ለመክፈት የሚጠየቀው የውጭ ካርድ ለብዙዎቻችሁ እንቅፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር) ማስነሣት ከቻላችሁ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልጋችሁን አብዛኛውን ነገር እቤታችሁ መማር ትችላላችሁ። የሰፈራችን መብራት መቋረጥም ጥሩ ፈተና ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሠራችሁት አገልግሎት ማንም ሳይነካው በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይነሣልን? ዳታውስ ደኅና ነው?

ሥራው ይኖራል ወይ ለምትሉኝ፣ በሙሉ እምነት ይኖራል እላለሁ። ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ፣ በ2022 ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት አገልግሎት ከከፈተ ወዲህ፣ የታክሲውም የሱቁም ሒሳብ በስልክ ሆኗል። ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው በጎሮው አይሲቲ ፓርክ የዳታ ማዕከላት ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ጀማሪን በቀጥታ በዴቭኦፕስ መደብ የሚቀጥር ጥቂት ነው፤ በሲስተም አድሚኒስትሬተርነት፣ በኔትወርክ ድጋፍ ወይም በዴቨሎፐርነት ሁለት ሦስት ዓመት መሥራትን እንደ ውርደት አትቁጠሩት። በቃለ መጠይቅ ጠያቂ ሆኜ ስቀመጥ «ያበላሸኸውን ነገር ንገረኝ» እላለሁ፤ ምንም አላበላሸሁም ያለኝን ቀጥሬ አላውቅም።

በቅጥር ጊዜ «99.9 በመቶ» የሚል ቁጥር ትሰማላችሁ፤ ሲስተሙ ከጠቅላላው ጊዜ ይህን ያህሉን ሳይቋረጥ መሥራት አለበት ማለት ነው። በዓመት ሲሰላ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ ወደ 99.99 ከፍ ሲል ወደ 52 ደቂቃ ይወርዳል። ቁጥሩ ግን ሰዓቶቹን ሁሉ እኩል ያደርጋቸዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የጠፋ ሲስተምና በፋሲካ ዋዜማ፣ ሰው በግ ሊገዛ በወጣበት ሰዓት የጠፋ ሲስተም ለእኔ አንድ ሆነው አያውቁም። የጥገናችሁን ጊዜ ስትወስኑ የበዓሉንና የደመወዙን ቀን መቁጠሪያ አጠገባችሁ አስቀምጡ።

የሌሊቱን ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ስልክ ይደወላል፤ ልጅ ታቅፋችሁ ላፕቶፕ ትከፍታላችሁ። እኔ ለስድስት ዓመት ያህል ብቻዬን ተረኛ ሆኜ ጤናዬን ጎድቻለሁ፤ በወቅቱ ትጋት መስሎኝ ነበር። እናንተ ተራው በወረቀት እንዲጻፍ፣ ቢያንስ አራት ሰው እንዲካፈለው፣ የሌሊት ተረኛም ጠዋት እንዲያርፍ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። እያንዳንዱ ብልሽት እንዴት እንደተፈታ የምትጽፉበት አንድ ሰነድም ይኑራችሁ፤ ያን ሌሊት ተራው የደረሰው ባልደረባችሁ እናንተን ሳይቀሰቅስ አንብቦ እንዲሠራበት።

አክባሪያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ