ኤንጂንኤክስን ከሶርስ ኮድ ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በአጭሩ ያልከው ይሄ ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ያለበት፣ ራሙ 1 ጊጋ የሆነ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) አለህ። በአፕት (በኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) የሚመጣልህ ኤንጂንኤክስ፣ ማለትም ድረ ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ 1.18 ነው። አንተ ደግሞ ኤችቲቲፒ 3 (አዲሱ የድረ ገጽ ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል) እና ብሮትሊ (ፋይል መጨመቂያ) ትፈልጋለህ። አዲሱን ሶርስ ኮድ አውርደህ ኮንፊገር (ሲስተሙን ፈትሾ ለግንባታ የሚያዘጋጀው ስክሪፕት) ስትለው «የሪራይት ሞጁሉ የፒሲአርኢ ላይብረሪ ያስፈልገዋል» ብሎ ቀጥ አለ። ፒሲአርኢ (ጽሑፍን ከተሰጠ ቅርጽ ጋር የሚያዛምድ ላይብረሪ) ግን ተጭኗል። «ምን ጎደለኝ? ደግሞስ ይሄ ሁሉ ድካም ያዋጣል ወይ?» ብለሃል።

ከኤረሩ ልጀምር፤ እሱ የአንድ ደቂቃ ስራ ነው። አንተ የጫንከው ፕሮግራሞች በሚሰሩበት ሰዓት የሚጠቀሙበትን ላይብረሪ ነው። ሶርሱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር የሚፈልገው ግን ሄደር ፋይሎቹን ነው። ላይብረሪው ውስጥ ምን ምን ፈንክሽን እንዳለና እንዴት እንደሚጠራ የሚያውቀው ከእነሱ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን እነዚህን ፋይሎች ለብቻ፣ ስሙ «ዴቭ» ብሎ በሚያልቅ ፓኬጅ ያስቀምጧቸዋል። ስለዚህ የሚያስፈልጉህ አራት ናቸው፤ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ሊብፒሲአርኢ2-ዴቭ፣ ዚሊብ1ጂ-ዴቭ እና ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ውስጥ ሊብፒሲአርኢ3 የሚባለው አሮጌው ነው፤ ሊብፒሲአርኢ2 አዲሱ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብከው። 3 ከ2 ይበልጣል ብሎ 3ን የጫነ ሰው ያረጀውን ይዞ ይቀራል። ኤንጂንኤክስ አዲሱን መቀበል የጀመረው ከ1.21.5 ወዲህ ነው። አንተ ያወረድከው ከዚያ በኋላ የወጣ ስለሆነ 2ቱን ጫን።

በነገራችን ላይ ኮማንዶቹንና ስሞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ሆን ብዬ ነው። ኮፒ ፔስት አድርገህ እንዳትሮጥ ነው። በጣትህ ስትጽፈው ቢያንስ ምን እያዘዝክ እንደሆነ ታያለህ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ያዋጣል ወይ ወዳልከው። እኔን ያስተማረኝን ልንገርህ።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ላይ የአንድ ደንበኛ ድረ ገጽ ሰርቨር በእጄ ነበር፤ ሲስተሙ ሴንትኦኤስ 6.4 (የሊኑክስ ዓይነት)። ያኔ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ስፒዲ ነው፤ ጎግል ያመጣው፣ ኋላ ለኤችቲቲፒ 2 መነሻ የሆነው ፕሮቶኮል። ኤንጂንኤክስ 1.4 ስፒዲን ይዞ ወጥቷል። ችግሩ፣ ስፒዲ ኦፕን ኤስኤስኤል (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ላይብረሪ) 1.0.1 ይፈልጋል፤ ሲስተሙ ላይ ያለው 1.0.0 ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ከሶርስ መጫን የጉብዝና ምልክት ይመስለኝ ነበር። የኦፕን ኤስኤስኤል 1.0.1ኢ ሶርስ አወረድኩ፣ ኮንፊገር ላይ «--ዊዝ-ኦፕንኤስኤስኤል» ብዬ ፎልደሩን ጠቆምኩት። ይሄ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ ያኔ በደንብ አልገባኝም ነበር። ኦፕን ኤስኤስኤልን ራሱን ኮምፓይል አድርጎ ኤንጂንኤክሱ ሆድ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ሲስተሙ ላይ ያለው ኦፕን ኤስኤስኤል ቢታደስ ባይታደስ ለኤንጂንኤክሱ ምኑም አይደለም።

ያን ቀን የሆነውን ደግሞ አልረሳውም። ኤንጂንኤክስ ብቻውን ትንሽ ነው፤ ታርቦሉ (የታሸገው የሶርስ ፋይል) ከ1 ሜጋ ብዙም አይበልጥም፣ ቶሎ ያልቃል። ኦፕን ኤስኤስኤል ግን ረጅም ነው። ተርሚናሉ ላይ መስመሮቹ እየወረዱ፣ እኔ ቡና አስፈልቼ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳ ድርግም! መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ ነው፣ እሱ ምንም አልሆነም። የእኔ ኤስኤስኤች (ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘኝ መስመር) ግን ተቋረጠ፣ ሜኩም (ኮምፓይል የሚያደርገው ትእዛዝ) አብሮ ሞተ። መብራት ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ነው ስክሪን የሚባለውን ፕሮግራም የተማርኩት። እዚህ አገር ሆነህ ሩቅ ሰርቨር ላይ ረጅም ስራ የምትሰራ ከሆነ ስክሪን ወይም ቲመክስ ሳትከፍት አትጀምር። መስመሩ ቢቋረጥ ስራው እዚያው ይቀጥላል፤ ተመልሰህ ገብተህ ካቆምክበት ታየዋለህ።

ለማንኛውም ተጫነ፣ ስፒዲም ሰራ፣ ደንበኛውም ተደሰተ። እኔም የኮምፓይል ፎልደሩን አጥፍቼ ረሳሁት።

መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ሃርትብሊድ ይፋ ሆነ። በማግስቱ ማክሰኞ ቢሮ ውስጥ ጾም ነውና ሽሮ አዝዘን እየበላን አንዱ ልጅ ስልኩን አሳየኝ። የኦፕን ኤስኤስኤል ክፍተት ነው፤ ማንም ሰው ከውጭ ሆኖ ከሰርቨሩ ሜሞሪ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ይቀዳል። እዚያ ውስጥ ፓስወርድ ሊኖር ይችላል፣ የሰርተፊኬቱ ሚስጥራዊ ቁልፍም ሊኖር ይችላል። ሮጬ ሰርቨሩ ላይ ገባሁና የሲስተሙን ኦፕን ኤስኤስኤል አየሁ፤ 1.0.0። ክፍተቱ ያለው ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ባሉት ላይ ነው። ተመስገን ብዬ ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ።

ማታ ላይ ግን አልዋጥልህ አለኝ። በአንዱ መፈተሻ ስሞክረው ቀይ በቀይ ሆነ። ኤንጂንኤክሱን ከትልቁ «-ቪ» አማራጭ ጋር ስጠራው ኮምፓይል የተደረገበትን መስመር አወጣልኝ፤ እዚያው ላይ 1.0.1ኢ ተጽፏል። እስቲ አስበው፤ ሲስተሙ በአሮጌ ላይብረሪው ደህና ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ቡና እየጠጣሁ። ሌሊቱን በ1.0.1ጂ እንደገና ኮምፓይል አደረግኩ፣ ቁልፉን ቀየርኩ፣ ሰርተፊኬቱ እንደገና ወጣ።

ለዚህ ነው ሰው «ከሶርስ ልጫን?» ሲለኝ መጀመሪያ «ማን ያድስልሃል?» የምለው። ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል ማንም ይለዋል። ከዚያ በኋላ ግን አፕት የሚሰራልህን ስራ አንተ ትረከባለህ። ክፍተት በወጣ ቁጥር ሰምተህ፣ አውርደህ፣ ኮምፓይል አድርገህ፣ ቀይረህ።

ወዳንተ ጉዳይ ስመለስ፣ ግማሹ ችግርህ ኮምፓይል አያስፈልገውም። ኤችቲቲፒ 3 የገባው በ1.25.0 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023። ኤንጂንኤክስን የሚሰሩት ሰዎች ራሳቸው ለኡቡንቱ የሚያወጡት ፓኬጅ አላቸው፤ ከዚያ ቨርዥን ጀምሮ ኤችቲቲፒ 3 አብሮት አለ። የእነሱን ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) አፕት ላይ ጨምርና ከዚያ ጫን። ዝመናውም በአፕት ይመጣልሃል።

ስትቀይር ግን ሦስት ቦታ ላይ ትደናቀፋለህና ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ የኡቡንቱን ኤንጂንኤክስ ስታወጣ «ሪሙቭ» በል እንጂ «ፐርጅ» አትበል። ፐርጅ ኮንፊግህን ይዞ ይሄዳል። ለነገሩ አስቀድመህ የኢቲሲ/ኤንጂንኤክስ ፎልደርን ባክአፕ ያዝ። ሁለተኛ፣ ሞጁልስ-ኢነብልድ ውስጥ ያሉት የኡቡንቱ ሞጁሎች ለ1.18 የተሰሩ ናቸው፤ አዲሱ «ቨርዥኑ 1018000 ነው» (1.18.0 ማለቱ ነው) ብሎ አልነሳም ይልሃል። አውጣቸው። ሦስተኛውና ሰው ፀጉሩን የሚነጭበት ይሄኛው ነው፤ የእነሱ ፓኬጅ የሚሮጠው «ኤንጂንኤክስ» በሚባል ዩዘር ነው፣ የኡቡንቱው ግን በ«ደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ» ነበር። ፒኤችፒ የምትጠቀም ከሆነ የፒኤችፒው ሶኬት የድሮው ዩዘር ንብረት ስለሆነ የ502 ኤረር ይጥልብሃል። ኮንፊጉ ላይ ዩዘሩን ወደ ድሮው መልሰው፣ ያበቃል።

ኤችቲቲፒ 3 ደግሞ በዩዲፒ ነው የሚሄደው። ፋየርዎልህ ላይ 443ን ለቲሲፒ ብቻ ከከፈትክ ብራውዘሩ ምንም ሳይልህ በኤችቲቲፒ 2 ይቀጥላል። አንተም «ሰራ» ብለህ ታወራለህ። የቪፒኤስ አቅራቢህ ከውጭ በኩል የራሱ ፋየርዎል ካለው እሱንም እይ። አልት-ኤስቪሲ የሚባለውን ሄደር መላክም አትርሳ፤ ብራውዘሩ ኤችቲቲፒ 3 እንዳለህ የሚያውቀው በእሱ ነው።

የቀረው ብሮትሊ ነው። ለእሱ ኮምፓይል ታደርጋለህ፣ ግን ሰርቨሩን ሳይሆን ሞጁሉን ብቻ። ከጫንከው ኤንጂንኤክስ ጋር ቨርዥኑ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አንድ የሆነውን ሶርስ አውርድ። የጎግልን የብሮትሊ ሞጁል ከነንዑስ ሪፖዚተሪዎቹ ክሎን አድርግ፤ ውስጡ ያለው የብሮትሊ ላይብረሪ ራሱ መጀመሪያ በሲሜክ (ሌላ የግንባታ መሣሪያ) ይሰራል። ከዚያ ኮንፊገር ላይ «--ዊዝ-ኮምፓት» እና «--አድ-ዳይናሚክ-ሞጁል» ብለህ፣ በተራ ሜክ ፋንታ «ሜክ ሞጁልስ» በል። ኦብጅስ ፎልደር ውስጥ ሁለት የኤስኦ ፋይል (የተሰሩት ሞጁሎች) ታገኛለህ። ወደ ሞጁሎቹ ፎልደር ቅዳቸውና ኮንፊጉ አናት ላይ በሎድ-ሞጁል ጥራቸው። ይሄን ሁሉ በተራ ዩዘር አድርገው፤ ሱዶ የሚያስፈልግህ ለመቅዳቱ ብቻ ነው። 1 ጊጋ ራምህ ለዚህ ይበቃል፣ አታስብ።

ኤንጂንኤክሱ በአፕት በታደሰ ቁጥር ሞጁሉን እንደገና መስራት አለብህ። ካልሆነ ያንኑ የቨርዥን ኤረር ይሰጥሃል፣ ሰርቨሩም አይነሳም። እኔ ትንሽ ስክሪፕት አለኝ፤ ቨርዥኑን ጠይቆ፣ ሶርሱን አውርዶ፣ ሰርቶ ያስቀምጣል። ኤንጂንኤክሱን ደግሞ በአፕት-ማርክ «ሆልድ» አድርጌዋለሁ፣ እኔ ሳላውቅ እንዳይታደስ። ግን ሆልድ አድርጎ መርሳት ማለት ያው የእኔ የሽሮ ታሪክ ነው። ስልክህ ላይ በየሳምንቱ ማስታወሻ አድርግ።

እሱም ቢሆን ግን፣ ብሮትሊ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ጂዚፕህን (የተለመደውን መጨመቂያ) አየኸው? የኡቡንቱ ኮንፊግ ጂዚፕን ያበራል፣ የትኞቹን የፋይል ዓይነቶች እንደሚጨምቅ የሚናገረው መስመር ግን ኮሜንት ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኤችቲኤምኤል ብቻ ነው የሚጨመቀው፤ ሲኤስኤስህ፣ ጃቫስክሪፕትህና ጄሰንህ እንዳለ ይሄዳል። ድረ ገጽህ የአማርኛ ነው ብለሃል። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንዱ ሆሄ 3 ባይት ነው፤ የእንግሊዝኛው 1። ጽሑፉን በጄሰን የምትልክ ከሆነ ሳይጨመቅ መላክ የአንባቢህን ካርድ መብላት ነው። ያቺን መስመር ክፈትና ልዩነቱን ለካ። ምናልባት ብሮትሊውን ራሱ ትተወዋለህ። እኔ ሁለት ሰርቨር ላይ ትቼዋለሁ።

«አይ፣ ለመማር ስለሆነ ሙሉውን ከሶርስ ነው የምፈልገው» ካልክም ጥሩ ነው፣ ሰው የሚማረው እንደዛ ነው። ግን የሰው ስራ የሌለበት ሰርቨር ላይ አድርገው። ያወረድከውን ከነፊርማው አረጋግጥ። የኤስኤስኤል ሞጁል ካልጠየቅከው አብሮ አይገባም፣ የኤችቲቲፒ 2ም እንዲሁ፤ ኮንፊገር ላይ በስማቸው ጥራቸው። ኦፕን ኤስኤስኤልን የሲስተሙን ተጠቀም፣ ሆዱ ውስጥ አትክተት። ፕሪፊክሱን (የሚጫንበትን ፎልደር) ኦፒቲ ስር ከነቨርዥን ቁጥሩ አድርገውና አንድ ሲምሊንክ (አቋራጭ) ወደ እሱ ጠቁም፤ አዲሱ ካስቸገረህ ሲምሊንኩን ወደ ድሮው መልሰህ ሪስታርት ነው። ሰርቨሩን የሚያስነሳውን የሲስተምዲ ፋይል አይሰጥህም፣ ራስህ ትጽፋለህ።

ጭነህ ጨርሰህ ቨርዥኑን ስትጠይቅ አሁንም 1.18 ካለህ አትደንግጥ። ሁለት ኤንጂንኤክስ ነው ያለህ፤ ተርሚናሉ ፓዝ በሚባለው የፎልደሮች ዝርዝር ላይ መጀመሪያ ያገኘውን የአፕቱን ነው የሚጠራው። ያንተን በሙሉ አድራሻው ጥራው። ስታስነሳው «አድራሻው ተይዟል» ካለም ያው የአፕቱ ወንድሙ ፖርት 80 ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ኮንፊገሩ አሁንም እምቢ ካለህ ኦብጅስ ፎልደር ውስጥ አውቶኮንፍ.ኢአርአር የሚባል ፋይል አለ። ተርሚናሉ ላይ የምታየው ኤረር ማጠቃለያው ነው፣ እውነተኛው ምክንያት እዚያ ውስጥ ነው። የመጨረሻዎቹን 30 መስመሮች ላክልኝ፣ አየዋለሁ። ጽሑፉን ላክ እንጂ በስልክ ያነሳኸውን የስክሪን ፎቶ አትላክ፤ እሱን አጉልቼ ሳነብ ዓይኔ አለቀ።