ሳትቆጥሪ እንዳትፈርሚ

ጠያቂዋ እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። በአማርኛ ዲግሪ ይዘሽ ቢቸና አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ተመድበሻል። «ሙያውን የት ልማር? ሌላ ዲግሪ ልጀምር ወይስ ስራው ራሱ ያስተምረኛል?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ምስራቅ ጎጃም ውስጥ በዚሁ ስራ 12 ዓመት ቆይቻለሁ። ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

ዲግሪው ይቆይሽ። መጀመሪያ ስራውን ከሚያውቅ ሰው ጎን አንድ ወር ቁጭ በይ።

እኔ እንደዚያ ያለ ሰው አላገኘሁም። የተሰጠኝ ከእንጨት ቁራጭ ጋር የታሰረ ቁልፍና ጠርዙ የተበላ መዝገብ ነው። «እዚህ ጋ ፈርም» አሉኝ፣ ፈረምኩ። ሰኔ ላይ ቆጠራ መጣ። 43 መጽሐፍ ጎደለ። ግማሹ እኔ ሳልመጣ የጠፋ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ፊርማው ግን የኔ ነው። አምስት ወር ሙሉ ከደመወዜ ተቆረጠ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «እነዚያን መጻሕፍት አንብበሃቸዋል ቢያንስ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ስለዚህ ሳትቆጥሪ እንዳትፈርሚ። መዝገቡን ይዘሽ ከመደርደሪያው ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሪ። የጎደለውን በቃለ ጉባኤ አሲዢ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ ማህተም ይመታበት፣ መዝገብ ላይ ተራ ቁጥር ያግኝ። ከዚያ በፊት መደርደሪያ ላይ አይውጣ። ርዕሰ መምህሩ «ግድ የለም፣ ልጆቹ ያንብቡት» ቢልሽም እሺ አትበዪ። መስከረም ላይ የመማሪያ መጽሐፍ እደላውን፣ ሰኔ ላይ ክሊራንሱን ባንቺ ላይ መጫናቸው አይቀርም። እሱን ለምደሽ ትኖሪያለሽ።

ቀጥሎ ቁጥሩ ነው። መጽሐፍ በየትምህርቱ ቁጥር እየተሰጠው የሚደረደርበት የዴዊ አመዳደብ እንደ ስሙ አያስፈራም። አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው ነው። እውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 በአስር ቤት ይከፍለዋል። ሂሳብ 510፣ ፊዚክስ 530፣ ኬሚስትሪ 540፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963። ይህን በሳምንት ትይዢዋለሽ። ልጆቹን የሚያምታታው ነጥቡ ነው። 510.12 ከ510.2 ይቀድማል። ልጆቹ ግን 12 ከ2 ይበልጣል ብለው ወደ ኋላ ይወስዱታል። እኔ በሳንቲም ነው የማስረዳቸው፦ 510.2 ማለት 510.20 ነው፣ 12 ሳንቲም ከ20 ሳንቲም ያንሳል። ወዲያው ይገባቸዋል።

አሁን ብዙ ስልጠና ላይ በቅጡ ወደማይነገረው ልምጣ፤ የኛ ስም። የፈረንጅ አሰራር የቤተሰብ ስም ያስቀድማል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። አንድ ጊዜ በእርዳታ የመጣ ካርቶን ስንፈታ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አገኘን። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ስም «ዓለማየሁ» ይላል። አስቢው፣ የጎጃሙን ሰው እዚሁ ጎጃም ውስጥ በአባቱ ስም ልንፈልገው! ያበሻ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፣ የአባቱ ይከተላል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ፊደሉም ሌላ ጣጣ አለው። አንዱ «ሀዲስ» ይላል፣ ሌላው «ሐዲስ»። በፊደል ተራ በሀ እና በሐ መካከል ለ አለ፤ የአንድ ሰው መጽሐፍ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጣል ማለት ነው። በአ እና በዐ፣ በሰ እና በሠ፣ በጸ እና በፀም እንደዚያው። የኔ ደንብ ቀላል ነው። መዝገብ ላይ ሽፋኑ እንደጻፈው እገለብጣለሁ፤ ስደረድር ግን ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ፊደል እቆጥራለሁ። ደንቡን በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዓመቱንም ልብ በዪ። የአማርኛ መጽሐፍ ላይ 1958 ሲል ዓ.ም. ነው። ያንን እንደ ፈረንጅ ዓመት የመዘገበ ሰው መጽሐፉን ሰባትና ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። አንቺ አማርኛ መማርሽ እዚህ ጋ ይጠቅምሻል፤ የኮምፒውተር ምሩቁ ይሄን አያይልሽም።

እንክብካቤም አለ። ትምህርት ቤታችን ለወራት ተዘግቶ ሲከፈት የታችኛውን መደርደሪያ ምስጥ ጨርሶት አገኘሁ። ከውጭ ሲታዩ ደህና ናቸው፣ ሲነሱ አፈር ናቸው። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች፣ በዲማም በዋሸራም፣ የኔታዎቹ መጽሐፉን በማኅደር (በቆዳ ማስቀመጫ) ከትተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት የነበረው ለጌጥ አልነበረም። መደርደሪያሽ ቢያንስ ስንዝር ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከግድግዳም ይራቅ። ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን እዪ። የተገነጠለ መጽሐፍ በፕላስተር አታሽጊ፣ ይደርቅና ወረቀቱን ይዞ ይነሳል። ወስፌ፣ ወፍራም ክር፣ ኮላና ቁራጭ አቡጀዲ ይበቃሻል። በዱቄት ሙጫ የሚለጥፉ አሉ፤ ለአይጥ ግብዣ ነው።

ዲግሪውን ከፈለግሽ የትምህርት ዘርፉ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ይባላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጠዋል። ዳታቤዝና ፕሮግራሚንግ ስለሚበዛበት «መደርደሪያ የት አለ?» እንዳትዪ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ዘርፉ በትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን እውቅና ያለው መሆኑን አጣሪ። ኮሃ የሚባለውን የላይብረሪ ሶፍትዌር ግን ዲግሪ ሳትጠብቂ ጀምሪው፣ ነጻ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያድንሽ የወረቀት መዝገቡ ስለሆነ እሱን እንዳትተዪ።

ደብረ ማርቆስ ብቅ የምትዪበት ቅዳሜ ካለ በውስጥ ጻፊልኝ። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ እየሰፋን ነው፣ ሰላሳ ምናምን ቀርቶናል። ወስፌ እኔ ጋ አለ፤ ክር ይዘሽ ነይ።