መልሱን አገኘሁት፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። የራሴን የድሮ ችግር ነው የጻፍሽው። «ስውር ፍንጭ ያለውን መስቀለኛ ቃል ስሞላ፣ መልሱን ከሌሎቹ ቃላት ጋር ከሚገናኙት ፊደሎች እገምታለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ለምን ሲሉኝ ግን አፌ ይያዛል። እናንተ ማብራሪያውን ከየት ነው የምታመጡት?» ነው ያልሽው።

እኔም መጀመሪያ ላይ መልሱ ልክ ከሆነ ሌላው ትርፍ ይመስለኝ ነበር። አሁን ማስረዳት ያልቻልኩትን መልስ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አልጽፍም።

በፊደላችን ላሳይሽ። ምሳሌዎቹን እኔና አንድ ጓደኛዬ እየተበሻሸቅን የሠራናቸው ናቸው። ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር የመልሱ ፊደል ብዛት ነው።

ነዳ፣ ተገለበጠ፣ ተረፈ (2)

ምን ታየሽ? አደጋ። መኪና፣ ገደል፣ የተሰበሰበ ሰው። ፍንጩም የሚፈልገው ይህንኑ እንድታዪ ነው። ይሄ ሰሙ ነው። ወርቁን ለማግኘት መኪናውን እርሺውና ቃሉን ያዢ። «ነዳ» የሚለውን ገልብጪው፤ «ዳነ» ይሆናል። ዳነ ማለት ደግሞ ተረፈ ማለት ነው። የተገለበጠው ቃሉ እንጂ መኪናው አይደለም።

እንግዲህ ሦስቱን ቃላት በየሥራቸው ለያቸው። «ተረፈ» ፍቺው ነው፤ እንደማንኛውም መስቀለኛ ቃል ትርጉሙን በቀጥታ ይሰጣል። «ነዳ» ጥሬ ዕቃው ነው። «ተገለበጠ» በጥሬ ዕቃው ምን እንደምታደርጊ የሚነግርሽ ጠቋሚ ነው። ማብራሪያ የምንለው ይህንኑ ነው፤ የትኛው ቃል ምን ሠራ? ሌላ ምስጢር የለውም።

ፍቺው ሁልጊዜ ከፍንጩ መጀመሪያ ወይም ከመጨረሻው ነው፣ መሃል ላይ አይቀመጥም። ይህቺን አንዲት ነገር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ሌሊት እንቅልፌን እተኛ ነበር! ዛሬም አውራ ጣቴን እጠቀማለሁ። የመጨረሻውን ቃል ብቻ አስቀርቼ ሌላውን እሸፍናለሁ፣ ይሄ ፍቺ ቢሆን ምን ምን ሊሆን ይችላል እላለሁ። ካልሆነ በመጀመሪያው ቃል እሞክራለሁ። ዓረፍተ ነገሩን እንደ ዓረፍተ ነገር ያነበብሽው ቀን ተበላሽ።

እኔ እንዴት እንደተበላሁ ልንገርሽ። ጓደኛዬ ይህንን ሰጠኝ፦

ዘመን ገድሎ በውስጡ የቀበረው ጎዳና (4)

ሦስት ቀን! የፈረሱ መንደሮችን አሰብኩ። ስማቸው የተቀየረ አደባባዮችን ቆጠርኩ። የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ አገላብጫለሁ (ይሄን ለሱ አልነገርኩትም)። ግጥም ስለመሰለኝ እንደ ግጥም ነበር የማነበው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ፊደሎቹን ብቻ ወረቀት ላይ ዘርዝሬ ጻፍኩ፦ ዘ፣ መ፣ ን፣ ገ፣ ድ፣ ሎ። «ዘ»ን እና «ሎ»ን በጣቴ ስሸፍን መሃሉ ላይ መንገድ ተጋድሟል። ቀብሮታል ብሎ ነግሮኝ ነበር እኮ! ጎዳና ማለት መንገድ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሦስት ቀን አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ግሶቹን በጥርጣሬ ነው የማየው። ተገለበጠ፣ ዞረ፣ ተመለሰ ሲል ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ነው። ቀበረ፣ ዋጠ፣ ደበቀ፣ ያዘ ካለ ውስጡን መፈለግ ነው። ሰከረ፣ ተደናበረ፣ ፈረሰ ካለ ፊደሎቹን መበወዝ ነው። «ተደናብሮ ቆጠረ፣ ከሰል መሰለ (3)» ቢባል፣ «ቆጠረ»ን አደናብሪውና «ጠቆረ» ይወጣል።

ጠቋሚ የሌለበትም አለ። «በዓሉ አልደረሰም (2)» የሚለው እኔ በጣም የምወደው ነው። ሁለት ፍቺ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ መልሱ ገና ነው። በዓሉ ገና፤ ደረሰ ወይ ሲሉሽ ደግሞ ገና! በአፍ ቢሆን አይሠራም፣ ምክንያቱም የበዓሉ ስም ጠበቅ፣ ሌላኛው ላላ ብሎ ነው የሚነበበው። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ጨዋታ አማርኛ የተመቸ ነው።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልምጣ። መልሱን በግምት ካገኘን በኋላ ማብራሪያ መፈብረክ። ሁላችንም አድርገነዋል። መልሱ ስለታወቀ የማይገጥመውን ሁሉ በግድ እናስገጥማለን። መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሥራ ያልተሰጠው ቃል ቀርቷል ወይ? አንድም ቃል ከተረፈ ማብራሪያሽ ስህተት ነው፣ ወይም ፍንጩ ራሱ ደካማ ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። የዚህ ጨዋታ አገሩ እንግሊዝ ነው። ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ፈቺዎቹን አበሳ የሚያሳይ። በ1939 ሲሞት ዚሜኒዝ የሚባለው ተተካ፤ ትክክለኛ ስሙ ዴሪክ ማክነት ነው። ሁለቱም የብዕር ስሞች ከስፔን የሃይማኖት መርማሪዎች የተወሰዱ ናቸው፤ ለማሰቃየት መዘጋጀታቸውን ከስማቸው ጀምረው ተናግረዋል። ዚሜኒዝ በ1966 ስለ መስቀለኛ ቃል መጽሐፍ አሳተመ፤ ከሱ በኋላ ቦታውን የያዘው አዜድ የሚባለው ደግሞ የዚሜኒዝን ሐሳብ ሲያጠቃልል ጥሩ ፍንጭ ሦስት ነገር አለው ይላል፦ ትክክለኛ ፍቺ፣ በአግባቡ ወደ መልሱ የሚመራ የቃል ጨዋታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ምንም አለመኖር። ሦስተኛዋ ናት እኔን የገዛችኝ።

እኔም ተቀጥቼባታለሁ። «ሰኞ መግቢያው ላይ በሬ የሚሸከመው (4)» ብዬ ለጓደኛዬ በኩራት ላክሁለት። ቀን ሲደመር በር፣ ቀንበር ማለቴ ነው። ፈታው፤ ከዚያ «ላይ የምትለዋ ምን ትሠራለች?» አለኝ። ምንም። ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምር ነበር የጨመርኳት። «ሰኞ ቀን ነው እንጂ ቀን ሁሉ ሰኞ ነው እንዴ? ለምሳሌ ማለት ነበረብህ» ሲል ጨመረልኝ። ተናድጄ ነበር። ግን ልክ ነው።

ስለዚህ ማብራሪያ ስትጽፊ በፍቺው ጀምሪ፣ ከሥሩ አስምሪበት። ቀጥለሽ ጥሬ ዕቃውን፣ ከዚያ ጠቋሚውን። ረጅም አታድርጊው፣ አንድ መስመር ይበቃል። የቀረ ቃል ካለ ደብቀሽ አትለፊው፤ «ይህቺ ቃል አልገባችኝም» ብለሽ ጻፊ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ መጥቶ ያሳይሻል።

ይህንን ደግሞ ላንቺ ትቼዋለሁ፦

ከከተማ ርቆ የያዘው ጣፋጭ (2)

መልሱን ብቻ ከላክሽ አልቆጥርልሽም።